ሶዶ ጫካ ነበረች

ሴቶች ዕድሜያቸውን ይደብቃሉ ሲባል ትሰሙ ይሆናል። ሐሜት ነው። ዕድሜውን ሲደብቅ በዓይኔ ያየሁት ከተማ ነው። የአውራጃ ከተማ ታሪኩን ሲያስጽፍ የተወለደው የቆረቆሩት ሹም ከበቅሏቸው የወረዱ ዕለት ነው ብሎ ይጀምራል። ከዚያ በፊትስ? ከዚያ በፊትማ ጫካ ነበር። እስቲ የወደዳችሁትን ከተማ ጠይቁ፣ ጫካ ያልነበረ የለም። ይህ ሁሉ ጫካ ሲመነጠር ውስጡ አንድ ሰው አለመገኘቱ ብቻ ይገርመኛል።

ነገሩ በንጉሡ ዘመን ነው። ትልቅ እንግዳ ሶዶን ሊጎበኝ ነው ተባለና ሹማምንቱን መናፈሻና የባንዲራ ምሰሶ አማራቸው። ቦታም አላጡም፤ ከገበያው በላይ፣ በዳሞት ተራራ በኩል ያለው የአቶ ዳና ጓሮ ተመረጠ። ሰው ያለማው ከሆነ ባለቤት አለው፤ ጠፍ ከሆነ ግን የመንግሥት ነው። ይህን የሚያጣራ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው ከአዲስ አበባ በቅርብ ተዛውረው የመጡ አንድ ባላምባራስ ሲሆኑ፣ እኔ ወላይትኛ ስለማውቅ ለአስተርጓሚነት ተከተልኳቸው።

አቶ ዳና ካሳ አልጠየቁም። አባታቸው እዚያው ጓሮ እንሰቱ መሀል ተቀብረዋል፤ በእኛ አገር ሙት ከደጅ አይርቅም። መቃብሩ ላይ የቆመ ድንጋይ የለም፣ ምልክቱ እንሰቱ ነው። ሽማግሌው የፈለጉት ቀናቸው ሲደርስ ከአባታቸው ጎን መተኛት ብቻ ነበር።

ባላምባራስ ጓሮውን ዞረው አዩና “ይህማ ኮባ ነው፤ ወፍ ዘራሽ” አሉ። አልፈርድባቸውም። እርሳቸው ባደጉበት አገር ኮባ የሚፈለገው ቅጠሉ ለዳቦ መጋገሪያ ነው፤ ተክሎ የሚያሳድገው እንጂ ቆርጦ የሚወስደው አይጠፋም።

አቶ ዳና የእኔን ማስተርጎም ትተው በራሳቸው አማርኛ ገቡበት። “ጌታዬ፣ ኡታ ብቻው አይበቅልም” አሉ፤ እንሰትን ወላይታ ኡታ ነው የሚለው። “ሥሩን ቆርጦ የሚቀብረው ሰው አለ። እበት የሚያበላው ሰው አለ። አባቴ ተከለ፣ እኔ ተከልኩ።”

“ሰምተናል” አሉ ባላምባራስ።

እንግዳ ሳይበላ ከደጅ አይመለስምና ምሳ ቀረበልን። የአቶ ዳና ባለቤት ከቆጮ የተሠራውን ሙቹዋ በቅቤ አርሰው፣ ዳጣ ጨምረው አመጡት። ባላምባራስ እስኪያልባቸው በሉ። ጣታቸውን ልሰው ሲያበቁ ከምን እንደሚሠራ ጠየቁኝ። ይገባቸው ይሆናል ብዬ በደስታ ወደ ጓሮው ጠቆምኳቸው።

እንሰቱን በአድናቆት አዩት። “ወይ የእግዜር ሥራ፣ እነዚህ ሰዎች ሳይዘሩ ይበላሉ” አሉ።

ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይሏችኋል ይህ ነው። መሬቱ ጠፍ ተባለ። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ በሚባልበት ዘመን የንጉሥን ሹምም የሚከስ አልነበረም። እንሰቱ ተጨፈጨፈ።

በእንግዳው መምጫ ዋዜማ ለባንዲራው ምሰሶ ጉድጓድ ሲቆፈር አጥንት ወጣ። ቆፋሪዎቹ ዶማቸውን ጥለው ባላምባራስን አስጠሩ። ባላምባራስ ጉድጓዱን ጎንበስ ብለው ሲያዩ ቆዩ። ሰው ነው ካሉ ነገ ለእንግዳው የሚነበበው የከተማው ታሪክ ሊበላሽ ነው። ቀና ብለው “የጅብ ትራፊ ነው። ጫካ አልነበር እንዴ? ጣሉት” አሉ።

ዳር ቆመው ያዩ የነበሩት አቶ ዳና ጋቢያቸውን አውልቀው አነጠፉና አንድ በአንድ ለቀሙ። የከለከላቸው የለም። እኔ አፈርኩ፣ በማን እንዳፈርኩ ግን እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

በማግስቱ ባልና ሚስት ልጃቸው ወዳገባችበት ወደ ሁምቦ ሲወርዱ እስከ ኬላው ሸኘኋቸው። እርሳቸው በጋቢ የተቋጠረውን አቅፈዋል፤ ባለቤታቸው የእንሰት ችግኝ አዝለዋል። ሁምቦ ቆላ ነው፤ እንሰቱ ይያዝ አይያዝ እግዜር ይወቅ። ከበስተኋላችን ከመናፈሻው በድምፅ ማጉያ የሚነበበው ታሪክ ይሰማል፤ ሶዶ ጫካ እንደነበረች ሲነገር ሕዝቡ አጨበጨበ።

የኬላው ጠባቂ ቋጠሮውን በዱላው ነካ አደረገና “ሽማግሌ፣ ምን ይዘሃል?” አላቸው።

አቶ ዳና ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቁ።

“ጫካውን” አሉ።

ጠባቂው ሳቀና አሳለፋቸው። ጫካ ቀረጥ የለበትም።