የተመለሰው ቃሪያ

እኛ ለእንግዳ ያለን ፍቅር አንዳንዴ ቤተሰብ ያስርባል። የየቤታችሁን ቁም ሣጥን ክፈቱና እዩ፤ ያልተሰነጠቀው ብርጭቆ፣ ያልተበላበት ሳህን፣ ያልተተኛበት አንሶላ ሁሉ የእንግዳ ነው። የቤቱ ልጅ ጆሮው በተሰበረ ኩባያ ይጠጣል። እንግዳው ደግሞ አይመጣም።

እኔ ይህን ልማድ ወደ ንግድ አሻገርኩት። ከሲኒማ ራስ ወረድ ብሎ ባለው መጋዘኔ ቃሪያ አስመርጬ፣ አሳጥቤ፣ አቀዝቅዤ ወደ ዓረብ አገር እልካለሁ። ብታዩት ትቀኑበታላችሁ። የሚታጠብበት ውሃ የተጣራ ነው፤ የሚነካው እጅ ጓንት አጥልቋል፤ የሠራተኞቹ ፀጉር በቆብ ተሸፍኗል። ጓንቱንም፣ ቆቡንም፣ ካርቶኑንም ማታ ማታ እቆጥራለሁ። ጆንያ ተሸክሞ ያደገ ሰው ሌላ ምን ጸሎት ያውቃል?

ባለፈው ሐሙስ ጥራት የምትቆጣጠርልኝ ሰላም አንዱን ጭነት አስቆመች።

«ጋሼ፣ ይሄ አይሄድም። ገበሬው ፀረ ተባይ ረጭቶ ቀኑ ሳይሞላ ነው የለቀመው። ቢታጠብም አይለቅም።»

«ታዲያ ምን ይሁን?»

«ይወገድ።»

ልጅቷ መርካቶን ገና አልለመደችም። እዚህ ምን ይወገዳል? ምን አለሽ ተራ ብትሄዱ የዘይት ቆርቆሮ እንኳ ምድጃ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ስለዚህ ሰላም ወደ ቤቷ እስክትሄድ ጠብቄ ጭነቱን ወደ ጓሮ በር አስወሰድኩትና ዘበኛውን ሽጥ አልኩት። በጓሮ በር የሚወጣው ለአገር ሰው ነው። የአገር ሰው ሆዱ ጠንካራ ነው፤ እንዲህ እያልን ኖረናል።

ዓርብ በጠዋት ዘይነብ መጣች። አንዋር መስጊድ አካባቢ መንገድ ዳር አትክልት የምትቸረችር፣ የቆየች ደንበኛዬ ናት።

«ጋሼ፣ ትናንት አመሻሽ ዘበኛዎ የሸጠልኝን ቃሪያ ሰው ተሻምቶ ወሰደው! ምነው እንዲህ ያማረውን ለእኛ? ከዓረቦቹ ጋር ተጣሉ እንዴ?»

«ቁመቱ አጥሮባቸው ነው» አልኳት። አንዱ ቃሪያ ከመሐል ጣቴ ይረዝማል።

ትናንት መሽቶባት ነው እንጂ፣ ዘይነብ ሳትቀምስ አትገዛም። ጓሮ በሩ ላይ ከተረፈው አንዱን አንስታ፣ በሻርፗ ጫፍ ጠረግ አድርጋ ወደ አፏ ስታስጠጋ፣ «ጣይው!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። የጮህኩት እኔ ነኝ። ያ ሆዱ ጠንካራ የአገር ሰው እስከዚያች ሰዓት ድረስ ፊት አልነበረውም።

ቃሪያውን ቀስ ብላ መለሰችው።

«ምን አለበት?»

ነገርኳት። አልሰደበችኝም፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«የትናንቱስ ታዲያ?» አለች በመጨረሻ።

ደግነቱ ከጭነቱ የገዛችው እሷ ብቻ ናት፤ ገዢዎቿንም በስም ታውቃቸዋለች። የጁምዓ ሰጋጅ መንገዱን ሳይሞላው ወጣን፤ እሷ ከፊት፣ እኔ ዘንቢል ይዤ ከኋላ። አንዱ ባለሱቅ አይቶኝ «ጋሼ፣ ችርቻሮ ወረዱ እንዴ?» ብሎ ሳቀ። እኔም ለመሳቅ ሞከርኩ።

በየደጁ እሷ ናት የምትናገረው። «የትናንቱን ቃሪያ መልሱልኝ፤ መድኃኒት ነክቶታል። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሳልጠይቅ ነው ያመጣሁት።» የኔን ስም አላነሳችም። አንድ ቤት ማታውኑ በልተውታል። ዘይነብ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ የእያንዳንዱን ጤና ጠየቀች፤ ሆዳችሁን አላመማችሁም? አላስመለሳችሁም? ምንም አልሆንም አሉ። እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ።

በመጨረሻው ደጅ አንዲት አሮጊት ፌስታሏን አውጥተው ሰጡንና እኔን ከእግር እስከ ራስ ተመለከቱኝ።

«እኚህ ባለ መጋዘኑ ነጋዴ አይደሉም እንዴ? ለእፍኝ ቃሪያ ብለው በእግራቸው መጡ? አይ ደግ ሰው! እንዲህ ያለውን ያብዛልን!»

ዘይነብ አቀርቅራ የነጠላ ጫማዋን ጫፍ ታይ ጀመር።

«አሜን» አልኩ።