በክቡር ኢንጂነር እግር የተለካ መብራት

የሚቀልጥ የብየዳ ቆርቆሮ ሽታ ዛሬም ባፍንጫዬ ሽው ሲል፣ የድሮው ሕንፃችን ደረጃና የክቡር ኢንጂነር ድምፅ አብረው ይመጡብኛል። ሁሉን አዋቂ የሌለበት ሕንፃ በዓለም ላይ የለም፤ ከመሠረት ድንጋዩ ጋር አብሮ የሚጣል ይመስለኛል። የእኛው ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። "ኢንጂነር" ያልነው እኛ ነን፤ "ክቡር"ን የጨመረው ራሱ ነው።

ዕውቀቱ ሰፊ ነበር ብል እዋሻለሁ። የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፣ ስሙ ግን ለአሥር ይበቃል፦ ሞኖስቴብል መልቲቫይብሬተር።

"ቀላል ነው" ይላል፣ ቀላል ያልሆነ ነገር ሊናገር ሲል። "ሁለት ትራንዚስተሮች አሉ። አንዱ ሲሠራ ሌላው ይተኛል። ቁልፉን ስትነካ ተራ ይለዋወጣሉ፣ መብራቱ ይበራል። እንደበራ መቅረት ግን አይችልም! ካፓሲተሩ እንሥራ ነው በለው፣ ሬዚስተሩ ጠባብ አፉ። እንሥራው እስኪሞላ ይበራል፤ ሲሞላ በራሱ ጊዜ ወደ ዕረፍቱ ይመለሳል።"

"መሐል ላይ ደግሜ ብነካውስ?"

"ጀምሯል አይደል? አይሰማህም።"

ልክ እንደ ባለቤቱ፣ አልኩ በሆዴ።

በዚህ ጥበብ ሕንፃውን አቀናልን። የበሩን ደወል በጣት ጫፍ ብትነካው እንኳ አሥር ሰከንድ ሙሉ ይጮሃል። "አጭር ንክኪ፣ ሙሉ ድምፅ!" ይላል፣ የተኛው ሕፃን ሁሉ ሲያለቅስ። የመታጠቢያ ቤቱንም ፓምፕ አልማረውም፤ ፊታችንን ሳሙና እንደተቀባን ውሃው ወደ ዕረፍቱ ሄደ።

ትልቁ ሥራው ግን የደረጃው መብራት ነበር። መስኮት የሌለው ደረጃ ነው፣ በቀትርም ጨለማ፤ ቁልፉ ያለው ምድር ቤት ብቻ። "አርባ ሰከንድ! እስከ አራተኛ ፎቅ ለክቼዋለሁ" አለን። እውነቱን ነው፣ ለክቶታል፤ በራሱ እግር።

እናቴ የምትኖረው አራተኛ ፎቅ ነበር። ገና ሁለተኛው ላይ ሳለች ይጠፋባታል። አንድ ቀን በጨለማው እግሯ ከዳትና ጉልበቷ ተላጠ፤ ከዚያ ወዲያ ሞቼ እገኛለሁ እንጂ ከቤት አልወጣም አለች። ክቡርነታቸውን እጃቸውን ይዤ ፊቷ አቀረብኳቸው።

"የአንተ መብራት እኮ እንደ ዘመድ ናት" አለችው፤ "ሲቸግረኝ ትጠፋለች።"

"እማማ፣ በሳይንስ አርባ ሰከንድ ማለት..."

"ሳይንስህ ጉልበቱን አሞት ያውቃል?"

ጎንበስ ብሎ የተላጠ ጉልበቷን አየ።

በማግስቱ ጠዋት ባትሪና የእጅ ሰዓት ይዞ መጣ። እንደምንም አግባብቶ፣ ደግፎ አወረዳት፣ ከዚያም "በራስዎ እርምጃ ይውጡ፣ አይቸኩሉ" ብሎ ከኋላዋ እያበራ ተከተላት፤ እኔም ከኋላቸው። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። የሰው ወሬ አስጨርሶ የማያውቀው ሰውዬ ትንፋሿ እስኪመለስ ቃል ሳይተነፍስ ጠበቃት፤ ያንንም ቆጠረላት። ቤት ስንገባ "ሦስት ደቂቃ ከሃያ" ብሎ ጻፈ፣ ጥቂት አሰብ አደረገና አንድ ደቂቃ ጨመረበት።

ከሰዓት በኋላ ተመለሰ። "ካፓሲተሩ አርጅቶ ኖሯል" አለ፣ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጦ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ። "በትልቅ ተክቼዋለሁ።"

የተገጠመው ባለፈው ወር ነው። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ "አዎ፣ ያረጃል" አልኩ።

እናቴ ጫማዋን ፍለጋ አልጋው ሥር ጎንበስ አለች። ሁለት ሳምንት ቤት ከዋለች በኋላ ደጅ ልትወጣ ነው! አንዱን አግኝታ ቀና ብላ "ተባረክ ልጄ" ስትል ወንበሩ ባዶ ነበር፤ ደህና ዋሉ እንኳ ሳይላት ወጥቷል።