የበጀት ቅነሳ የወለደው ኮማንደር

ፖሊስ ጣቢያው የተዘጋበት ሰፈር ሁሉ አንድ ኮማንደር ያበቅላል። ማንም አይሾመውም። ራሱን አሠልጥኖ፣ ራሱን አስመርቆ፣ አንድ ጠዋት ፊሽካ በአንገቱ አንጠልጥሎ ብቅ ይላል። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ የናንተው ምናልባት ጡረታ የወጣ መምህር ወይም ሱቁን ለልጁ የለቀቀ ነጋዴ ይሆናል። የኛው፣ ክቡር ኮማንደራችን፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከተማ አውቶቡስ ላይ ትኬት ሲቆጣጠሩ የኖሩ ሰው ናቸው።

ጣቢያችን የተዘጋው በጀት ተቀንሶ ነው። በሩ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ግን «ለተሻለ አገልግሎት» ይልና ከሦስት ሰፈር ወዲያ ወዳለው ጣቢያ ይመራናል። የተሻለው አገልግሎት ስልክ የሚያነሳ አንድ ፖሊስና ጎማዋ የወለቀ አንዲት መኪና ነው። በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ቤት ተሰበረ፣ የፀጉር አስተካካዩ መስታወት ሳይቀር ከግድግዳው ተነቅሎ ሄደ። በሦስተኛው ወር ኮማንደር ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሰበሰቡንና ለእያንዳንዳችን ፊሽካ አደሉን፤ የተረኞች ዝርዝር አወጡ። አጨበጨብን። እኔም አጨበጨብኩ፣ ያውም ቆሜ።

ኮማንደር አንድ ሳይንስ አላቸው፤ ሌባ የሚታወቀው በአንገቱ ነው። «ትኬት የሌለው ተሳፋሪ ፊቱን ያሳምራል» ይላሉ ጣታቸውን ቀስረው፣ «አንገቱን ግን የት ያደርገዋል? አንገቱን እዩ።» በዚህ ሳይንስ በመጀመሪያው ሳምንት የመብራት ቆጣሪ አንባቢውን ያዙ። ቆጣሪው ከፍ ብሎ ስለተሰቀለ ሰውየው ማንጋጠጥ ግድ ሆኖበት ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ሊጠይቀን የመጣውን የባለቤቴን ወንድም በር ላይ አቁመው ስለኛ ኑሮ ፈተና ፈተኑት፤ ስንት ክፍል እንዳለን ተሳሳተና ወደቀ። ባለቤቴ ልታስለቅቀው ብትሄድ «ለመሆኑ ወንድምሽ መሆኑን በምን አረጋገጥሽ?» አሏት። በአራተኛው ሳምንት የዳቦ ቤቱ ባለቤት ተጠረጠረ፤ ትራስ ሳይመቸው አድሮ አንገቱ አልዞር ብሎት ነው።

በዚህ አምድ ላይ ሁለት ጊዜ ቀልጄባቸዋለሁ። አልተቀየሙኝም። ጽሑፉን በመቀስ ቆርጠው የሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ለጥፈውታል፤ እንግዳ ሲመጣ «ሥራችን በጋዜጣ ወጥቷል» ይላሉ። እኔም ቤቴ ገብቼ ከባለቤቴ ጋር እስቃለሁ። ከሳቄ በኋላ ግን ፊሽካዬን አንጠልጥዬ ተራዬን እወጣ ነበር። እኔ የማክሰኞ ከሰዓት ተረኛ ነኝ።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት ጎረቤታችን የሆነችው መምህር ሥራ ላይ ነበረች። አንድ ሰው ከግቢዋ ካርቶን በትከሻው ተሸክሞ ወጣ። አንገቱ ወደ አንድ ጎን ተጣሟል፣ እርምጃው ፈጣን ነው። ያን ጊዜ የኮማንደር ትምህርት ሁሉ ጭንቅላቴ ላይ ወጣ። ካርቶን የተሸከመ ሰው አንገቱን ሌላ የት ሊያደርገው እንደሚችል አላሰብኩም። «ወንድም፣ ከየት ነው?» ብዬ አልጠየቅኩም። ነፋሁት። ስነፋ ደስ ብሎኛል፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ሰውየው ደነገጠና ሮጠ።

ከየቤቱ የወጣው ሰው ከኔ ቀድሞ ደረሰበትና ዱላ ያወርድበት ጀመር። ካርቶኑ ወደቀ፤ ውስጡ ያለው ሴራሚክ ተሰባበረ፣ ማንም ግን የተሰበረው ምን እንደሆነ ጎንበስ ብሎ አላየም። ሰው ገፍቼ ስጠጋ ሰውየው ቀና አለ። አወቅኩት። ያለፈው ዓመት ስምንት ቀን ቤቴ ውሎ የመታጠቢያ ቤቴን ሴራሚክ ያነጠፈልኝ ሰው ነው፤ አንዱ ትንሽ ዘመመብኝ ብሎ በገዛ እጁ ነቅሎ እንደገና የሠራ።

«የሚያውቀው አለ?» አለ አንድ ሰው ከመሀል። ጥያቄው ግልጽ ነበር፣ መልሱም አንድ ቃል ነበር። አውቀዋለሁ ብል ዱላው ወደኔ የሚዞር መሰለኝ። ከዚያ የባሰው ደግሞ፣ ታዲያ ለምን ነፋህ እንዳልባል ፈራሁ። ፊሽካዬን ቀስ ብዬ ከአንገቴ አወለቅኩና ኪሴ ከተትኩት።

ኮማንደር አንድ እግራቸው ጫማ፣ አንድ እግራቸው ነጠላ ጫማ አድርገው እየሮጡ ደረሱ። አንገት አላዩም፣ ምንም አልጠየቁም። ሰው መሀል ገብተው ሰውየው ላይ በደረታቸው ተኙበት። የመጨረሻውን ዱላ ጀርባቸው ላይ ነው የተቀበሉት። ከዚያ በኋላ ዱላው ቆመ። የሰውየው የቀኝ እጅ ሁለት ጣቶች ተሰብረዋል። ፀጉር አስተካካዩ ጣቢያ ደወለ፤ ስልኩን ያነሳው ፖሊስ «መኪና የለንም፤ እናንተው ይዛችሁት መምጣት ትችላላችሁ?» አለው። ኮማንደር ደግፈው ሐኪም ቤት ወሰዱት። መምህሯ ስትመለስ ሰውየው ቤቷን ሠርቶላት የተረፈውን ሴራሚክ በፈቃዷ ይዞ እንደወጣ ነገረችንና ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

በማግሥቱ ተሰበሰብን። «መጀመሪያ ፊሽካ የነፋው ማነው?» ብሎ የዳቦ ቤቱ ባለቤት ጠየቀ። ሁሉም መሬት መሬት አየ። የተረኞች ዝርዝር በኮማንደር የደረት ኪስ ውስጥ ነበር፤ ጫፉ ይታየኛል።

«እኔ ነኝ» አሉ ኮማንደር።

እኔም አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ።

ቅዳሜ ይቅርታ ልንጠይቅ ሰውየው ቤት ሄድን፤ እሳቸው ከፊት፣ እኔ ብርቱካን ይዤ ከኋላ። ኮማንደር ቆመው «ጥፋቱ የኔ ነው፣ የነፋሁት እኔ ነኝ» አሉት። ሚስቱ ፊቷን አዞረችባቸው። እሱ በጄሶ የታሰረ እጁን ከጭኑ ላይ አንስቶ አሳያቸው። «በዚህ እጅ ነው አራት ነፍስ የማሳድረው» አላቸው። ከዚያ ወደኔ ዞረ።

«አንተን አውቅሃለሁ ወንድሜ» አለኝ። «ቤትህ ሠርቻለሁ። ያን ቀን አይቼሃለሁ፣ አንተ እንኳ እጅህን አላነሳህብኝም። እግዜር ይስጥህ።»

መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ። ብርቱካኑን የት እንዳስቀመጥኩት አላስታውስም።

ስንመለስ «ጋሼ፣ ያን ቀን እኮ...» ብዬ ጀመርኩ።

«ዝርዝሩን እኔ አይደል የጻፍኩት?» አሉ። «አንተ እዚህ ሰፈር ልጆች ታሳድጋለህ። እኔ ብቻዬን ነኝ። ደግሞም ስለ አንገት ያስተማርኩህ እኔ ነኝ።»

ይህን ካሉኝ አራት ወር ሆነ። ኮማንደር ፊሽካዎቹን ሰብስበው ቆርቆሮ ውስጥ ከተዋቸዋል፤ ጣቢያው እንዲከፈት የሚጠይቅ ማመልከቻ ይዘው በየቢሮው ደጅ ይጠናሉ፣ በየሄዱበትም ዘበኞቹን ስለ አሠራር ሳይመክሩ አይመለሱም። መንገድ ላይ ሰላምታ የነፈጓቸው ሰዎች አሉ። ሰላምታው የተነፈገው በኔ ፈንታ መሆኑን እያወቅኩ በየቀኑ አጠገባቸው አልፌያለሁ። እነዚህን አራት ወራት እንዴት እንደቻልኳቸው አላውቅም፤ መቻሌ ራሱ ያሳፍረኛል።

ስለዚህ እዚህ ልጻፈው። ፊሽካውን የነፋሁት እኔ ነኝ። ሰውየውን አውቀው ነበር፣ አላውቅም ያልኩት በዝምታዬ ነው። ነገ ጠዋት ይህን ጋዜጣ ይዤ ቤቱ እሄዳለሁ፤ እጁ ገና ካላገገመ እኔው ገልጬ አነብለታለሁ። ኮማንደር አብሬህ ልምጣ አሉኝ። እምቢ አልኳቸው። በር ሲከፈት ከኔ ቀድመው «እኔ ነኝ» ይላሉ ብዬ ፈርቼ ነው።