የወደቀ ሰው አለማንሳትን ስማር

እኛ አበሾች በረዶ ላይ ብንሞት ብርዱ አይደለም የሚገድለን፤ ደግነታችን ነው!

ከመሳቃችሁ በፊት እስቲ ልጠይቃችሁ። ከፊታችሁ የሚሄድ ሰው ቢደናቀፍ ምን ታደርጋላችሁ? «እኔን!» ብላችሁ ትሮጣላችሁ። ባታውቁትም ትሮጣላችሁ። ሰውየው ተነስቶ፣ ልብሱን አራግፎ፣ አውቶቡስ ተሳፍሮ ከሄደ በኋላ እንኳ «እኔን… እኔን…» ማለታችሁን አትተዉም። እኔማ ጭራሽ እንጀራዬ ነው። ቶሮንቶ፣ ኢስት ዮርክ የሚባል ሰፈር፣ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ስሠራ አስራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ አንድ ሽማግሌ ገና ለመውደቅ ሲያስብ እኔ ከሥሩ ነኝ።

ታዲያ እንዲህ ያለችውን ሴት፣ በሃምሳ ሦስት ዓመቷ፣ የበረዶ ግግር ላይ በገመድ ታስሮ መሄድ ተማሪ ያላት ማነው? ልጅ ነዋ! ወላጅን ገደል የሚያስገባ ሌላ ማን አለ?

ሜሮን የምትባል የሃያ አራት ዓመት ልጅ አለችኝ። እዚሁ ቶሮንቶ ተወልዳ ያደገች ናት። አማርኛ አሳምራ ትሰማለች፤ ስትመልስ ግን በእንግሊዝኛ ነው። አንድ እሁድ ምሳ እየበላን፣ ሰመር ላይ ሮኪ ተራሮች ሄዳ ግላሲየር ላይ ልትራመድ እንደሆነ ነገረችኝ። ግላሲየር ምንድነው አልኳት። ዘመን የጠገበ የበረዶ ግግር ነው አለች። ጥሩ። ላዩ ሜዳ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ቤት የሚውጥ ስንጥቅ አለው፤ ስንጥቁን ስስ በረዶ ስለሚሸፍነው ሰው ሳያውቅ ይረግጠውና ይገባል አለች። ይሄ ጥሩ አይደለም!

«ከዚያስ?» አልኳት፣ የጠቀለልኩትን ጉርሻ ትሪው ላይ መልሼ።

«ዊ አር ኦን ኤ ሮፕ፣ ማም።»

ለካ በአንድ ገመድ ተያይዘው ነው የሚሄዱት፤ አንዱ ሲገባ ሌሎቹ ይይዙታል።

«ከማን ጋር ነው የምትታሰሪው?»

«ዊዝ ማይ ግሩፕ።»

«ግሩፕሽ የማን ልጆች ናቸው?»

«አይ ዶንት ኖው፣ ማም! ፒፕል!»

ፒፕል! ልጄ የማን ልጅ እንደሆነ ከማይታወቅ ፒፕል ጋር ገደል አፋፍ ላይ ልትታሰር! «ወይ እኔም አብሬሽ እታሰራለሁ፣ ወይ አንቺም አትሄጂም!» አልኳት። ለካ ከመሄዳቸው በፊት የገመድ ኮርስ ይወስዳሉ፤ «ኦኬ፣ ኢፍ ዩ ፓስ ዘ ኮርስ፣ ዩ ካን ከም» አለችኝ እየሳቀች። ቀልዷን እንደነበር የገባኝ ከተመዘገብኩ በኋላ ነው። ነገሩ ግን ቀልድ አልነበረም፤ የመጨረሻውን ፈተና ያላለፈ ሰው ከቡድኑ ጋር አይሄድም። እኔ ከወደቅኩ ልጄ ከፒፕል ጋር ልትሄድ ነው።

ለብርታት እንዲሆነኝ ጎረቤቴን ጋሽ ወርቁን ይዣቸው ሄድኩ። ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ታክሲ መንዳቱን ትተው ጡረታ ከወጡ ወዲህ ቤታቸው ቁጭ ብለው ግድግዳ ሲያዩ ነው የሚውሉት። ነገሩን ስነግራቸው «ገመድ ነው? ድር ቢያብር አንበሳ ያስር! ስንት ሰዓት ነው?» አሉኝ። ሌላ ምንም አልጠየቁም።

መቼም ቶሮንቶ ውስጥ ግላሲየር የለም። ልጆች በሸርተቴ የሚንሸራተቱበት አንድ ኮረብታ ላይ ነው የተማርነው። ካይል የሚባለው ወጣት አሰልጣኝ በረዶ ከምሮ፣ ክምሩ ውስጥ ቁመት የሚያህል ጉድጓድ ቆፍሮ ጠበቀን። ወገባችንን በቀበቶ ጠፍሮ፣ ሜሮንን ጨምሮ ሦስታችንን በአንድ ገመድ አያይዞ፣ በየእጃችን የበረዶ መጥረቢያ አስያዘንና ማን እንደሚቀድም ጠየቀን። ምነው ባልጠየቀ!

«ጋሽ ወርቁ ይቅደሙ» አልኩ።

«ኧረ በጭራሽ! አንቺ ቅደሚ።»

«ኧረ እርስዎ እያሉ!»

«በሞቴ ቅደሚ!»

«ሞትዎን ለጠላትዎ ያድርገው! እርስዎ ይቅደሙ!»

ካይል ሰዎቹ ተጣሉ እንዴ ብሎ ሜሮንን ጠየቃት። ሜሮን ፊቷን በጓንቷ ሸፍናለች። በመጨረሻ እሱ ራሱ ደለደለን፤ ጋሽ ወርቁ ከፊት፣ እኔ መሃል፣ ሜሮን ከኋላ። በመካከላችን አስር አስር ሜትር ይሁን፣ ገመዱ አይላላ ብሎ አስጠነቀቀን። እሺ አልን፤ ግን ሽማግሌ ብቻቸውን ከፊት ሲያዘግሙ አያሳዝኑም? ጠጋ አልኩና ስለ ልጃቸው ሠርግ ጨዋታ ጀመርን። «ስፔስ! ስፔስ!» ይላል ካይል ከሩቅ። ሰው ከጎረቤቱ አስር ሜትር ርቆ ምኑን ያወራል!

ቀጥሎ ካይል ጋሽ ወርቁን ጉድጓዱ ውስጥ እንዲገቡ አዘዛቸው። እሳቸውም ካፖርታቸውን ሰብሰብ አድርገው ዘው! እኔ ምን አደረግኩ? «እኔን! እኔን ይድፋኝ!» ብዬ በሩጫ… ከላያቸው ላይ ዘጭ! መጥረቢያዬ ከጆሯቸው አጠገብ ተሰካ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ሲባል አልሰማችሁም? እሳቸው ግን ከሥሬ ሆነው፣ «አይዞሽ ልጄ፣ ተጎዳሽ እንዴ?» ይሉኛል!

ካይል ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበርክኮ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ጓደኛሽ ሲገባ አትሮጪም። እዚያው በደረትሽ ትወድቂያለሽ፣ መጥረቢያሽን በረዶው ውስጥ ትሰኪያለሽ፣ እግርሽን ትተክያለሽ። እሱን የሚያድነው ክብደትሽ ነው። ከሮጥሽ ሁለታችሁም ሞታችኋል።

እናቴ ያስተማረችኝን ሁሉ ገልብጦ ቁጭ! ሰው ሲወድቅ ሄዶ መተኛት! እኛ አገር እንዲህ ያደረገ ሰው ቀብሩ ላይ እንኳ የሚቆምለት አያገኝም።

ሜሮን ግን ተክናዋለች። ካይል «ፐርፌክት!» ይላታል። እኔን ቤት ውስጥ ታሠለጥነኝ ጀመር። እሷ ወደቅኩ ለማለት «ፎሊንግ!» ስትል እኔ ሳሎኑ ምንጣፍ ላይ በደረቴ ዘፍ! ከታች ያለው ጎረቤት ጣሪያውን በመጥረጊያ እንጨት ይደበድባል። አንድ ቀን ሥራ ቦታ አንዲት አሮጊት ማንኪያ ቢጥሉ፣ እመኑኝ፣ ልተኛ ትንሽ ቀረኝ!

እንዲያም ሆኖ ካይል ፊት ሰው በወደቀ ቁጥር እግሬ አልታዘዝ አለኝ። «ማም፣» አለችኝ ሜሮን ተስፋ ቆርጣ፣ «ተርን ኦፍ ዩር ሃበሻ ፓርት!»

ኦፍ ይደረጋል እንዴ? መብራት ነው?

የፈተናው ቅዳሜ ደረሰ። መጀመሪያ የምትወድቀው ሜሮን፣ የምንይዘው እኔና ጋሽ ወርቁ። ሜሮን ጉድጓዱ ጋ ደረሰችና «ፎሊንግ!» ብላ እልም አለች። ቀኝ እግሬ ተነሳ… ልዋሽ አልፈልግም፣ ተነስቷል! ግን «እኔን»ን በጥርሴ ነክሼ በደረቴ ዘጭ! መጥረቢያዬን ሰካሁ፣ ጫማዬን ተከልኩ። ገመዱ ወገቤን ሊበጥሰው ደረሰ… ያዝኳት! ልጄን ያዝኳት! አፌ በረዶ እንደሞላ አለቀስኩ። ጋሽ ወርቁ ከእኔ ቀድመው ተኝተዋል፤ በመተኛት እሳቸውን ማን ይቀድማቸዋል!

«ፓስ!» አለ ካይል፣ ለሁለታችንም። ብታዩኝ መሬት አልነካም!

የቀረው የሜሮን ፈተና ነው፤ እኔ ልወድቅ፣ እሷ ልትይዘኝ። ለእሷ ይሄ ምንም አይደለም፤ እያፏጨች ነው የቆመችው። ወደ ጉድጓዱ ተጠጋሁ። ካይል ምልክት ሊሰጠኝ እጁን ሳያነሳ አፋፉ ከእግሬ ሥር ተናደ። «ፎሊንግ» የለ፣ ምን የለ… «ኧረ ልጄን!» ብዬ ሄድኩ! በጀርባዬ አረፍኩ። ሰማይ ብቻ ነው የሚታየኝ። ወዲያው ከላይ ጩኸት ሰማሁ።

«እኔን! እማዬ! እኔን!»

ጋሽ ወርቁ እንዳልል ድምፁ ቀጭን ነው። ቀና ብል… ሜሮን! ፐርፌክቷ ሜሮን! መጥረቢያዋን ወርውራ፣ ገመዱን እየጎተተች እየበረረች መጣችና ላዬ ላይ ዘጭ!

«እማዬ ተጎዳሽ? የቱ ጋ ነው? ንገሪኝ! እማዬ!» ትላለች ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ በአማርኛ ጠይቄ በእንግሊዝኛ ስትመልስልኝ የኖረች ልጅ!

ከላይ የጋሽ ወርቁ ድምፅ ይመጣል፦ «ይዣችኋለሁ! እንዳትንቀሳቀሱ!» ሁለታችንንም ብቻቸውን፣ በሆዳቸው ተኝተው።

ካይል አንገቱን አስግጎ አየን። ወረቀቱን አየ። «ሜሮን… ሶሪ። ፌይል።»

እኔ ምን ላድርግ? ጉድጓድ ውስጥ ተጋድሜ፣ ልጄን አቅፌ፣ እልልታዬን አቀለጥኩት! ካይል ጭንቅላቴን የተመታሁ መስሎት አምቡላንስ ልጥራ አለ።

«ማም፣ ስቶፕ! ፌይል አድርጌያለሁ እኮ!»

«እንኳን ፌይል አደረግሽ የኔ ቆንጆ! እሰይ!»

ሜሮን በሁለት ሳምንት ውስጥ ድጋሚ ትፈተናለች። ካይል ጉድጓዱ ውስጥ የሚወድቀው ሌላ ሰው እንዲሆን፣ እኔም ኮረብታው አካባቢ ዝር እንዳልል አስጠንቅቋል። እስከዚያው ድረስ ታዲያ ከቤተሰብም ከጎረቤትም ግላሲየር ላይ ለመሄድ ብቁ የተባልነው እኔና ጋሽ ወርቁ ብቻ ነን!