ለአሮጌ ሽጉጥ የሚስማማ ባሩድ

እኔ ስለ መሣሪያ የማውቀው ነገር ቢኖር ከሚተኮስበት ቦታ መራቅ ነበር። ጀፕ በሚባል የስደተኛ ነጋዴዎች ሰፈር ብርድ ልብስ የሚሸጥ ሰው ሌላ ምን ሊያውቅ? ዛሬ ግን ስለ ባሩድ ምርጫ ብትጠይቁኝ ቁጭ አድርጌ አስተምራችኋለሁ።

ጦሱ ክፍል ያከራዩኝ ሴትዮ ናቸው። ታኒ ሪና ይባላሉ። "ታኒ" በአገሬው ነጮች ቋንቋ በአፍሪካንስ አክስት ማለት ነው፤ እኛ "እትዬ" እንደምንለው። ሰማንያ ሊሞላቸው ምንም አልቀራቸውም። ባላቸው ሲሞቱ የተዉላቸው አንድ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ነው፣ በዕድሜ ከሴትዮዋም የሚበልጥ። ፈቃድ አለው። በዚያ ቤት ወረቀት ያልተሟላለት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት ተኩስ ሜዳ ይሄዳሉ። ከባላቸው ጋር ለምደውት መተው አልቻሉም። ዓይናቸው ለመንዳት ስለደከመ ሹፌሩ እኔ ነኝ። ለመንዳት የደከመ ዓይን ለማነጣጠር እንዴት በረታ? አልጠየቅኩም። ተከራይ ብዙ አይጠይቅም።

ጥይቱን የሚሞሉት ራሳቸው ናቸው፣ ማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ። የሱቅ ጥይት ለአሮጌ ሽጉጥም ለአሮጌ እጅም ይከብዳል አሉኝ። ስለዚህ ባዶ ቀለሃውን ለቅመው፣ ባሩዱን ቀነስ አድርገው እንደገና ይሞሉታል። እኔ ሞኙ፣ ባሩድ ካነሰ አደጋውም ያንሳል ብዬ ነበር። ታኒ ሪና ሁለት ዓይነት አሳዩኝ። አንደኛው ደቃቅ ነው፣ እንደ ጥቁር አዝሙድ። ቁንጥር ይበቃል፤ ግን ቀለሃው ሥር ስለሚተኛ ረስተህ ብትደግመው አታውቅም። ሽጉጡ ግን ያውቃል። ሌላኛው እንደ ገለባ ቀለል፣ ሰፋ ያለ ነው። ትንሹ ቀለሃውን ሞላ ያደርገዋል፤ ከደገምከው ይፈስሳል፣ ስህተትህን ዓይንህ ያየዋል። ለአሮጌ ሽጉጥ ይሄኛው ይሻላል። ባላቸውም ዕድሜ ልካቸውን ከእሱ ሌላ አልነኩም።

ይሄኛው ደግሞ አለቀ። ሱቁም የለም አለ። ታኒ ሪና ጋራዥ ገብተው፣ ከሟች ዕቃ መሃል አንድ ቆርቆሮ ይዘው ወጡ። ዝገት ከንፈሩን በልቶታል። ላዩ ላይ ያለው የሟች እጅ ጽሑፍ ግማሹ ጠፍቷል። ሲከፈት ማዕድ ቤቱን አንድ ሽታ ሞላው፤ የባሩድ ሳይሆን የፒፓ ትምባሆ። ባሌ ያጨስ ነበር አሉ፣ እንደ ዋዛ። እኔ ዞር ብዬ በሩን አየሁ። ጌታን የተቀበልኩ የዱራሜ ልጅ ነኝ፤ በሙት መንፈስ አላምንም። አለማመን ግን ዞር ከማለት አይከለክልም።

ምንነቱ ያልታወቀ ባሩድ ይጣላል አላሉኝም ወይ አልኳቸው።

"ያልታወቀ አይደለም" አሉኝ። "የእሱ ነው።"

ሙት ወቃሽ መሆን አልፈለግኩም፤ በእሱ ሲሞሉ ቀለሃውን አቀበልኳቸው።

ቅዳሜ ሄድን። ጥሩ ፀሐይ ነበር። ከእኛ ሌላ ሜዳው ላይ ያለው ተቆጣጣሪው ብቻ ነው፤ እሱም ወዲያ ራቅ ብሎ ሻዩን ይጠጣል። ጆሯችንን ሸፈንን። ታኒ ሪና የመጀመሪያውን ተኮሱ። ድምፁ የተኩስ አልነበረም፤ ሰው ሻማ እፍ ሲል እንደሚሰማው ነው። እጃቸው ንቅንቅ አላለም። ዒላማው ወረቀት ላይ ቀዳዳ የለም። እሳቸው ግን እንዴት ቀላል ሆነልኝ በሚል ፊት ፈገግ ብለው፣ ጣታቸውን ወደ ቃታው መለሱ።

ያኔ ያ የፒፓ ሽታ ሜዳው ላይ መጣ። ወዲያው ከኋላዬ፣ የጆሮ መሸፈኛውን አልፎ፣ ሻካራ የሽማግሌ ድምፅ አንድ ቃል ተናገረ።

"ቁም።"

አማርኛ ለእኔ ሁለተኛ ቋንቋዬ ነው። ይህቺን ቃል ግን አገር ቤት በየኬላው ተምሬያታለሁ፣ ከነመታዘዟ። ሳላስበው ክንዳቸውን ያዝኩ።

ተቆጣጣሪው እየተቆጣ መጣ፤ የሚተኩስ ሰው ይነካል ወይ እያለ። ሽጉጡን ተቀብሎ የቀሩትን ጥይቶች አወጣና በአፈሙዙ ቀጭን ዘንግ ሰደደ። ዘንጉ መሃል ላይ ቆመ። ባሩዱ አርጅቶ ኖሮ የመጀመሪያዋን ጥይት ገፍቶ አላስወጣትም፤ እዚያው ተቀርቅራለች። ሁለተኛዋ ብትከተላት ሽጉጡ እጃቸው ላይ ይፈነዳ ነበር አለን፤ ይህን ሲል ቁጣው ጠፍቷል። እንዴት አወቅህ አለኝ። ድምፁ ስላነሰ ነው አልኩት። ሌላ ምን ልበል?

መኪና ውስጥ ግን ልደብቀው አልቻልኩም። የሆነ ሰው "ቁም" አለኝ፣ በእኛ አገር አትንቀሳቀስ ማለት ነው ብዬ ለታኒ ሪና ነገርኳቸው።

"እኔም ሰምቻለሁ" አሉ። "የባሌ ድምፅ ነው። እሱ ግን የእናንተን ቋንቋ አያውቅም። 'ኮም' ነው ያለው።"

"ኮም ምን ማለት ነው?"

"ሰው ወደ ራሱ ሲጣራ ነው።"

ጀፕ ያሉ ጓደኞቼ በሰው አገር ቋንቋ አለማወቅ ያስገድላል ይሉኛል። ይኸው፣ እኛ ባለማወቄ ተረፍን። አንድ ነገር ብቻ ይከነክነኛል። አማርኛ ቢሆን "ና" ወይም "ነይ" ብሎ ይለይልን ነበር። አፍሪካንስ ወንድና ሴት አይለይም። ከሁለታችን ማንን እንደጠራ አልጠየቅኳቸውም፤ ቤት እስክንደርስ ግን በጣም ቀስ ብዬ ነው የነዳሁት።