በር ላይ የለጠፍኩት የጥናት ፕሮግራም

እኔ የምለው፣ በር ላይ ወረቀት አትለጥፉ። ሌላ ምክር የለኝም።

ነርስ ነኝ። የብቃት ፈተናውን አንዴ ወድቄያለሁ። ሊቀጥረኝ ካሰበው ሆስፒታል፣ አሁንም ከወደቅሽ የያዝንልሽን የሥራ ቦታ ለሌላ እንሰጠዋለን ተብያለሁ። እናም በማስመሪያ አስምሬ፣ በቀይ እስክሪብቶ ፕሮግራም አወጣሁ። ሰኞ የደም ግፊት፣ ማክሰኞ ስኳር፣ ረቡዕ ቁስል፣ ሐሙስ የሕፃናት በሽታ፣ አርብ ወሊድ። ከስምንት እስከ አስራ ሁለት ሰዓት። ቀሐ ሰፈር የተከራየኋት ቤት በር ላይ ለጠፍኩት። ጎረቤት እያጠናሁ መሆኔን አንብቦ ሊረብሸኝ እንዲያፍር ነበር።

ማን ሊያፍር! ሰኞ መጽሐፌን ከመግለጤ አከራዬ እትዬ ዘውዴ እጅጌያቸውን ሰብስበው ገቡ። ከኋላቸው ሦስት ሴቶች። «ምነው ቀድመሽ አልነገርሽን? ሸጋ አርገሽ በየቀኑ ከፋፍለሽዋል» አሉኝ። ግፊት ሊያስለኩ ነው የመጡት!

ማክሰኞ ወሬውን የሰሙ አያ ፈንታ የሚባሉ ሽማግሌ ከማክሰኝት ከተማ በሚኒባስ መጡ። ለስኳር ምርመራ ብለው እስከ ስምንት ሰዓት እህል አልቀመሱም። መለኪያ የለኝም ብላቸው፣ «እንግዲያ ምን ብለሽ ለጠፍሽው?» ብለው ተቆጡኝ። እኔን! ከጓደኛዬ ተውሼ መጣሁ። ረቡዕ ደግሞ ከሳንጃ የመጣ ገበሬ የቆሰለ እግሩን አንስቶ ጠረጴዛዬ ላይ ጫነው። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ!

እስቲ ንገሩኝ፣ ሰው እንዴት ብሎ ያጥና? ወረቀቱን ልገነጥል ስወጣ እትዬ ዘውዴ በላስቲክ ሸፍነው፣ ዙሪያውን በሚስማር መትተውታል። ዝናብ እንዳያበላሽብሽ ብዬ ነው አሉ። እንዲህ ስቃጠል ሁለት ወር አለፈ። አርብ ብቻ ማንም አይመጣም። በሰፈራችን ነፍሰ ጡር የለችማ።

ፈተናው ደረሰ። የግፊቱን ጥያቄ ሳይ የእትዬ ዘውዴ ክንድ ታየኝ። የስኳሩን ሳነብ የአያ ፈንታ ቁጣ ጆሮዬ ላይ ጮኸ። እስከ ሕፃናቱ ድረስ ሁሉንም ሳልደናቀፍ ሠራሁ። ወሊድ ላይ ስደርስ ጭንቅላቴ ባዶ ሆነ። በእሱ ወደቅኩ። ቦታውም ለሌላ ተሰጠ።

እትዬ ዘውዴ ይህን ሲሰሙ፣ «የጣለሽማ እኛ ያልመጣንበት ቀን ነው» አሉኝ። ደሜ ፈላ። ደግሞ አላቆሙም፤ አርብ ማንም ካልመጣብሽ ምን ስትሠሪ ነበር ብለው ጠየቁኝ።

ለእናንተ ልንገራችሁ። አርብ አርብ፣ ከስምንት እስከ አስራ ሁለት ሰዓት፣ ለጓደኛዬ በስልክ እሳቸውን ሳማ ነበር።