ድኙ የወጣለት ናፍጣና የካዛንቺስ እድር

ንጹሕ ነገር ለሁሉም ይስማማል ያለው ማነው? ዕድሜውን ሙሉ ጭስ ሲስብ የኖረ ሰው ጫካ ወስዳችሁ ንጹሕ አየር ብታጠጡት መጀመሪያ የሚያደርገው ማሳል ነው። የድሮ ሞተርም እንደዚያው ነው። ድኙ የተቀነሰለት ናፍጣ መጣ ሲሉን ሳንባችን ደስ አለው። የጋሽ ሙሄን ሚኒባስ ግን ማንም አላማከራትም።

ጋሽ ሙሄ ከወሎ መጥተው ካዛንቺስ ጨርቅ ሲሸጡ ያረጁ ጎረቤታችን ናቸው። ሰፈሩ ፈርሶ በየኮንዶሚኒየሙ ከተበተንን ወዲህ፣ በወር አንድ እሑድ ማለዳ በየደጃችን እየዞሩ ይለቅሙንና ቂርቆስ አጠገብ ወደሚሰበሰበው እድራችን ያደርሱናል። ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ ከዚያች እሑድ ሌላ የሚጠብቁት ቀን ያላቸው አይመስለኝም።

ያን እሑድ አጀንዳው አንድ ብቻ ነበር፤ እድሩ ይፍረስ ወይስ ይቀጥል? ጋሽ ሙሄ ይቀጥል ባይ መሆናቸውን ሁላችንም እናውቃለን። እኛ ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለን፣ ይፍረስ ብለን እጃችንን ልናወጣ በእሳቸው መኪና፣ በእሳቸው ናፍጣ ተሳፍረናል። ምን እናድርግ? መንገዱ ራቀ፣ ኑሮ ከበደ፣ በየሰፈራችን አዲስ እድር ገባን።

በካዛንቺስ ሳልፍ ዓይኔ ይከብደኛል። ግንባሬን መስታወቱ ላይ ስደገፍ ሰፊው መንገድ ቀስ እያለ ይደበዝዝና የቆርቆሮ ጣሪያዎቻችን አንድ በአንድ ይመለሳሉ። የእትዬ ዘነበች ራዲዮ ሦስት ግድግዳ አልፎ ይሰማኛል። እትዬ ዘነበች ራሳቸው ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሳለ እኔ በሌለ ግድግዳ በኩል ራዲዮአቸውን አዳምጣለሁ። ኦሎምፒያ ስንደርስ ናፍጣ ሸተተኝ፤ እሱም የሕልሙ አካል መስሎኝ ዝም አልኩ። ከዚያ መኪናዋ አንድ ጊዜ ተንቀጠቀጠችና ቆመች።

ወርደን ብናይ ከሥሯ ናፍጣ ይንጠባጠባል። ተጋግዘን ገፋናት፤ ቡልጋሪያ ሰፈር እሑድም የማይዘጋ ጋራዥ አለ። መካኒኩ ታረቀኝ ከሥሯ ጎንበስ ብሎ አንድ ጊዜ አሸተት አድርጎ ተነሣ። የድሮው ናፍጣ ቅባት ነበረው፣ ናፍጣ የሚገፋውን ፖምፓ ያለሰልስ፣ መጋጠሚያውን የሚደፍነውን ላስቲክ፣ ጎሚኒውንም ያሳብጥ ነበር አለን። አሁን ድኙን ሲያወጡለት ሌላውም አብሮ ወጣ፤ ጾመኛ ሆነ። ሲያብጥ የኖረው ጎሚኒ ተኮማተረና ክፍተት ተፈጠረ፣ ናፍጣው በዚያ ይወጣል።

እኛስ? የቦኖ ውኃ ወረፋውና የጋራ ግቢው ጭቅጭቅ ሲያሳብጠን ኖረን፣ ንጹሕ ፎቅ ላይ ስንወጣ አይደለም እንዴ የተኮማተርነው?

ጎሚኒው የድሮ ዓይነት ስለሆነ እስኪገኝ ብዙ ያቆያል አለ ታረቀኝ። ጋሽ ሙሄ እንጠብቅ አሉ። በአሮጌ ጎማዎች ላይ ተቀመጥን፣ ዳቦ ተገዛ፣ ፀሐይዋ ሞቅ አለች። ሥራ ፈት ሰው አፉ አያርፍም፤ ወሬው የእትዬ ዘነበች ባል ወደሞቱበት ክረምት ሄደ። ነፋሱ ድንኳኑን ሊነቅለው ሲል ምሰሶውን አቅፈው በዝናብ የቆሙት ጋሽ ሙሄ ነበሩ። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ሁላችንም ረስተነው ነበር። እትዬ ዘነበች የነጠላቸውን ጫፍ ሲያፍተለትሉ ቆዩና፣

"እኔ ዛሬ ይፍረስ ልል ነው የመጣሁት" አሉ፤ "አሁን ግን አፌ እሺ አይለኝም።"

ቀጥሎ አንዱ "እኔም" አለ፤ ሌላውም ተከተለ፤ ወረፋው ደርሶኝ እኔም አልኩ። አፈርኩ፣ ደግሞ ቀለለኝ። ጋሽ ሙሄ ግን አንዳችንንም አልገሠጹም፤ እያንዳንዳችንን በተራ አዩን። ከዚያ እጃቸውን የኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተው በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አወጡና ለታረቀኝ አቀበሉት። ፈታው። አዲስ ጎሚኒ ነው።

ታረቀኝ አገላብጦ ካየው በኋላ ከየት እንዳገኙት ጠየቃቸው።

"ባለፈው ወር፣ መንጠባጠብ ስትጀምር ነው የገዛሁት" አሉ ጋሽ ሙሄ። "በል አሁን ቶሎ ግጠምልን፣ ስብሰባ አለብን።"